መድኃኒትን «መልመድ» ወይስ መበጠር? የአንድ የጎልፍ ሣር በሽታ ታሪክ

አንድ መድኃኒት ተደጋግሞ ተሰጥቶ ኃይሉ ሲደክም «በሽታው መድኃኒቱን ለመደው» እንላለን። አነጋገሩ ለመግባቢያ ይበቃል፤ የነገሩን ሥር ለሚመረምር ተማሪ ግን ስውር ስሕተት አለበት። ይኸውም በሽታ አምጪው ፍጡር፣ አረቄ እንደሚለምድ ሰው፣ ጥቂት በጥቂት ራሱን ያለማመደ ያስመስለዋል። በዚህ አጭር ጽሑፍ በአሜሪካ የጎልፍ ሜዳዎች ላይ የታየውን የአንድ የሣር በሽታ ታሪክ ተከትለን፣ የሆነው ነገር መልመድ ሳይሆን መበጠር መሆኑን ለማሳየት እንሞክራለን። ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው።

የጎልፍን ሜዳ መምረጣችን ለጨዋታው ስንል አይደለም። ገበሬ እህሉን አጭዶ በሚመጣው ዓመት ሌላ ዘር ያፈራርቃል፤ የጎልፍ ሣር ግን ከዓመት ዓመት ያው ሣር ነው። ኳሷ በምትገባበት ጉድጓድ ዙሪያ ያለው ሣር በጥቂት ሚሊሜትር ቁመት ይታጨዳል። እዚያ ላይ አንዲት የደረቀች ነጥብ እንኳ እንደ ነውር ስለምትቆጠር፣ በአንድ ወቅት ብዙ ጊዜ መድኃኒት ይረጫል። ስለዚህ በእርሻ ላይ ረጅም ዘመን ሊወስድ የሚችለው ለውጥ እዚህ ቶሎ ይገለጣል።

በሽታው በእንግሊዝኛ «ዶላር ስፖት» ማለትም «የዶላር ነጥብ» ይባላል። ስሙን ያገኘው በአጭሩ በታጨደ ሣር ላይ የሚያወጣው የገረጣ ክብ የብር ዶላር ስለሚያህል ነው፤ እኛ ብንሰይመው ኖሮ «የማርትሬዛ ነጥብ» ባልነው ነበር። አምጪውን ፈንገስ ኤፍ. ቲ. ቤኔት የተባለው ተመራማሪ በ1937 ዓ.ም. ስክሌሮቲኒያ ሆሞዮካርፓ ብሎ ሰየመው፤ በ2018 ዓ.ም. ግን ክላሪሪዲያ በሚባል አዲስ ወገን ተመደበ።

የመጀመሪያዎቹ መድኃኒቶች የብረት መርዞች ነበሩ። መጀመሪያ ሜርኩሪ፣ ኋላም ካድሚየም ያለባቸው ውሕዶች በሣሩ ላይ ይረጩ ነበር። በ1968 ዓ.ም. በፔንሲልቬኒያ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ኸርበርት ኮልና ባልደረቦቹ የፈንገሱን ልዩ ልዩ ናሙናዎች መርምረው፣ በእነዚህ መርዞች ፊት እኩል አለመሆናቸውን አስታወቁ። አንዱ በሚገታበት መጠን ሌላው ያድግ ነበር። እዚህ ላይ ልብ እንበል፤ ልዩነቱ የታየው በአንድ ፈንገስ ዕድሜ ውስጥ ሳይሆን በፈንገስና በፈንገስ መካከል ነው።

በዚያው ዘመን ቤኖሚል የተባለው መድኃኒት ወጣ። ይህ እንደ ቀድሞዎቹ በሣሩ ላይ ተለጥፎ የሚቀር ሳይሆን ወደ ሣሩ ሰውነት የሚገባ በመሆኑ ብዙ ተስፋ ተጣለበት። የሚመታው ግን ፈንገሱ ሕዋሱን ለመክፈል የሚያስፈልገውን አንድ ፕሮቲን ብቻ ነው። የዚያን ፕሮቲን ቅርጽ በሚወስነው ዘረ መል ላይ አንዲት ቦታ ከተለወጠች መድኃኒቱ የሚይዘው ያጣል። በ1973 ዓ.ም. ቤኖሚል የማይነካው የዶላር ነጥብ ተመዘገበ። በ1983 ዓ.ም. ከሚሺጋን ተመራማሪዎች ስለ አይፕሮዲዮን፣ በ1995 ዓ.ም. ደግሞ ከሚሺጋን፣ ከኢሊኖይና ከኬንተኪ ሜዳዎች ስለ ትራያዞል ወገን መድኃኒቶች ተመሳሳይ ወሬ ተሰማ።

ምናልባት አንድ ተቃዋሚ «ትራያዞሎች ኃይላቸውን ያጡት በአንድ ጊዜ ሳይሆን ደረጃ በደረጃ ነው፤ ይህ መልመድ አይደለምን?» ይል ይሆናል። እርግጥ በእነዚህ መድኃኒቶች ረገድ ፈውሱ የሚቆይበት ጊዜ እያጠረ፣ የሚፈለገው መጠንም እየጨመረ ይሄዳል። ነገር ግን ይህ የሚሆነው በፈንገሶቹ መካከል ያለው የብርታት ልዩነት ብዙ ደረጃ ስላለው ነው፤ በእያንዳንዱ ርጭት ደካማው ይወድቃል፣ በርታ ያለው ይቀራል። ደግሞም ነገሩ መልመድ ቢሆን ኖሮ መድኃኒቱ ሲቋረጥ ፈንገሱ መርሳት በተገባው ነበር። ቤኖሚልን የሚቋቋሙት ዘሮች ግን ርጭቱ ከቆመ ከዓመታት በኋላም በሜዳው ላይ ተገኝተዋል። እንግዲህ መድኃኒቱ ለፈንገሱ አስተማሪ ሳይሆን ሰፌድ ነው፤ ቀላሉን አራግፎ ጽኑውን ያስቀራል።

ከ1960ዎቹ ጀምሮ በሣር ላይ የሚረጨው ክሎሮታሎኒል፣ ፈንገሱን በብዙ ቦታ ስለሚመታ፣ በዚህ ሰፌድ በቀላሉ አልተሸነፈም። ይሁን እንጂ የአውሮፓ ኅብረት ስለ ከርሰ ምድር ውኃ ደኅንነት በመሥጋት ጭምር በ2019 ዓ.ም. ፈቃዱን ሳያድስለት ቀረ። አስቸጋሪው ነገር ይህ ነው፤ ብዙ ቦታ የሚመታው መርዝ ለሌላውም ፍጥረት የሚያሠጋ ሊሆን ይችላል፤ አንድ ቦታ ብቻ የሚመታው ደግሞ ቶሎ ይከሽፋል።

ነገሩ የባለጸጎች መጫወቻ ጉዳይ ብቻ እንዳይመስለን። የአገራችን ገበሬ የስንዴ ዋግን የሚከላከልበት ፕሮፒኮናዞል በ1995 ዓ.ም. በጎልፍ ሜዳ ላይ ሲደክሙ ከታዩት ከእነዚያው ከትራያዞሎች ወገን ነው። በዚህ ጊዜ የቃሉ ትርጉም ወደ ተግባር ይለወጣል። «ለመደው» ያለ ሰው መጠኑን ይጨምራል፤ በዚህም ሰፌዱን አብልጦ ያራግባል። «ተበጠረ» ያለ ሰው ግን በየርጭቱ ማን እንደ ቀረ ይጠይቃል፤ ወገናቸው የተለየ መድኃኒቶችን ያፈራርቃል፣ በሽታ የሚችል ዘር ይፈልጋል፣ ሳያስፈልግም አይረጭም። የጎልፍ ሜዳ ጠባቂዎች ይህን የተማሩት አራት ወገን መድኃኒት ከደከመባቸው በኋላ ነው፤ በአንድ የስንዴ ማሳ የሚተዳደር ቤተ ሰብ ግን ያን ያህል ጊዜ ለመሳሳት አቅም የለውም።