የብራና ሠራተኛው ስለትና ጥንቃቄው

በደቡብ ወሎ፣ በአምባሰል አጠገብ ያለው የሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም በ13ኛው መቶ ዓመት በአባ ኢየሱስ ሞዓ ዘመን የትምህርትና የመጻሕፍት ማእከል እንደ ነበረ የታወቀ ነው። በ1273 ዓ.ም. ለገዳሙ የሰጡት ወንጌልም እስከ ዛሬ በስማቸው ይጠራል። በዚህች አጭር ጽሑፍ ልንመለከት የፈለግነው ግን ከጸሓፊው አስቀድሞ የሚደክመውን የብራና ሠራተኛ ነው።

የፍየል ቆዳ ውሃ ውስጥ ከሰነበተ በኋላ ዳር ዳሩ ተበስቶ በእንጨት መወጠሪያ ላይ በገመድ ይወጠራል፤ ሥጋው በስለት ይፋቃል፤ ሲደርቅም ጠጕሩ ይነሣል። የተወጠረ ቆዳ ስሕተትን አይሸሽግም፤ ስለቱ ጥቂት ቢስት ትንሿ ጭረት በውጥረቱ ኃይል ሰፊ ቀዳዳ ትሆናለች። የዶለዶመ ስለት ደግሞ ጉልበት ይጠይቃልና ቆዳውንም እጅንም ያሰጋል። ስለዚህ ስለትን መሳልና እጅን ማቅለል የሙያው መጀመሪያ ነው።

በጥንት መጻሕፍታችን በክር የተሰፉ፣ ወይም ጸሓፊው ዙሪያቸውን እየዞረ የጻፈባቸው ቀዳዳዎች ይታያሉ። አንዳንዶቹ ከእንስሳው የቀድሞ ቁስል፣ ሌሎቹ ከስለት የመጡ ናቸው። የቆዳው ቁስል እንዲህ ይነበባል፤ የሠራተኛው እጅ ቁስል ግን በብራናው ላይ አይነበብም። ስለዚህ የመጻሕፍት ታሪክ ሲጻፍ ቀዳዳዎቹ እንደ ጉድለት ሳይሆን እንደ ድካሙ ምስክር ሊቆጠሩ ይገባል እንላለን።