ኮምፒውተርን ማጥፋትና ማብራት ዕድሜውን ያሳጥራልን?

ኮምፒውተር ደጋግመው ቢያጠፉትና ቢያበሩት ዕድሜው ያጥራል የሚል አሳብ በብዙ ሰው ዘንድ ይነገራል። በትምህርት ቤታችንም ይህ ነገር አከራክሮናል፤ አንዳንዶቻችን ኮምፒውተሮቹ ሌሊቱን ሁሉ ሳይጠፉ ይደሩ ስንል፥ ሌሎቻችን የመብራት ሒሳብ ስለ ምን በከንቱ ይጨምራል እንላለን። በግምት ከመከራከር ይልቅ አሳቡ ከየት እንደ መጣ መመርመር የሚሻል መስሎ ስለ ታየን፥ ታሪኩን በአጭሩ ጽፈነዋል። ዓመታቱን ሁሉ የጻፍነው በፈረንጆች አቆጣጠር ነው።

የቀድሞው ኮምፒውተር በቫልቭ ይሠራ ነበር። ቫልቭ ማለት አየሩ ወጥቶ የታሸገ የመስተዋት አምፑል ሲሆን፥ በውስጡ የሚግል ሽቦ አለው፤ አያቶቻችን ዜና ያዳምጡበት በነበረው ትልቅ ራዲዮ ውስጥ የነበረውም ይኸው ነው። ሽቦው በቀዘቀዘ ጊዜ ኤሌክትሪክን የመከልከል ኃይሉ አነስተኛ ስለ ሆነ፥ መሣሪያው ሲበራ ብዙ ኤሌክትሪክ በአንድ ጊዜ ይገባበታል። ከዚህም ሌላ ብረቱ ሲግል ይለጠጣል፥ ሲቀዘቅዝ ይኮማተራል። የቤት አምፑልም ብዙ ጊዜ ማብሪያው በተጫነበት ቅጽበት ብልጭ ብሎ የሚቃጠለው ስለዚሁ ነው።

ይህን ጠባይ በሚገባ የተረዳ ቶሚ ፍላወርስ የሚባል እንግሊዛዊ መሐንዲስ ነበር። በ1943 ዓ.ም. የጀርመንን የጦር ምስጢር ለመፍታት የሚረዳ የቫልቭ መኪና ልሥራ ሲል፥ በብሌችሊ ፓርክ ከነበሩት ሊቃውንት ብዙዎቹ ተጠራጠሩ። ከ1,500 በላይ ቫልቭ ያለበት መኪና፥ አንዱ ሲቃጠል ሌላው እየተከተለ፥ ሥራ ሊሠራ አይችልም ብለው ነበር። ፍላወርስ ግን በቴሌፎን ሥራ ላይ፥ ያልጠፉና ያልተነካኩ ቫልቮች ለረጅም ጊዜ ሲያገለግሉ አይቶ ነበርና በአሳቡ ጸና፤ ከገዛ ገንዘቡም ጨምሮ ሠራው። ኮሎሰስ የተባለው ይህ መኪና በ1944 ዓ.ም. መጀመሪያ ሥራውን ጀመረ። የተሻሻለው ሁለተኛው ደግሞ የደረሰው የተባበሩት መንግሥታት ጦር ኖርማንዲ ከመውረዱ ከ5 ቀን በፊት ነው። የዚህን ያህል ነገር አለማጥፋት በሚባል ቀላል ዘዴ ላይ መመሥረቱ ያስደንቃል። የሚያሳዝነው ግን ሥራው ምስጢር ስለ ነበረ፥ ዓለም የፍላወርስን ድካም እስከ 1970ዎቹ ድረስ አላወቀለትም።

በአሜሪካ የተሠራውና በ1946 ዓ.ም. ለሕዝብ የታየው ኤኒያክም 18,000 ያህል ቫልቮች ነበሩት። ከነዚህም አብዛኛዎቹ የሚበላሹት መኪናው ሲሞቅና ሲቀዘቅዝ መሆኑ ስለ ታወቀ፥ ሌሊትም ሳያጠፉት ማሳደር ተለመደ።

እንግዲህ አሳቡ በጊዜው እውነት ነበር። ይሁን እንጂ በ1947 ዓ.ም. ትራንዚስተር ተፈለሰፈ፤ ትራንዚስተር ደግሞ የሚግል ሽቦ የለውም። የብየዳው ነጥቦች ዛሬም በሙቀትና በቅዝቃዜ ጥቂት ይለጠጣሉ፥ ይኮማተራሉ፤ ነገር ግን ከቫልቩ ጋር የሚወዳደር አይደለም።

ከትራንዚስተር በኋላ ለጥርጣሬ ምክንያት የሆነው ሃርድ ዲስክ ነው። በቀድሞዎቹ ዲስኮች፥ ኮምፒውተሩ ሲጠፋ የማንበቢያው ጫፍ በዲስኩ ላይ ያርፍ ስለ ነበር፥ በተነሣና ባረፈ ቁጥር ይፋተግ ነበር። ብዙዎቹ 40,000 ጊዜ ያህል ተነሥተው እንዲያርፉ ታስበው የተሠሩ ናቸው። በቀን 10 ጊዜ ብናጠፋና ብናበራ 4,000 ቀን፥ ማለት ወደ 11 ዓመት ይሆናል፤ በዚህን ያህል ጊዜ ውስጥ ኮምፒውተሩ ራሱ ያረጃል። ማቀዝቀዣው ፋን ግን ሳይጠፋ በቆየ መጠን አቧራ እየሰበሰበ ያልቃል።

ለእኛ አገር የሚያሠጋው የመብራት ድንገት መቋረጥ ነው። በሥርዓት የተዘጋ ኮምፒውተር ሥራውን ጨርሶ፥ ጽሑፉን አስቀምጦ ይጠፋል፤ ድንገት የተቋረጠበት ግን በመጻፍ ላይ ያለውን ፋይል ሊያበላሽ ይችላል። መብራቱ ሲመለስም ቮልቴጁ ከመጠን በላይ ከፍ ብሎ ከመጣ ፓወር ሰፕላዩን ሊያቃጥለው ይችላል። ስለዚህ መብረቅ በሚበዛበት በክረምት ወራት፥ በርቶ ያደረው ኮምፒውተር ጠፍቶና ከሶኬቱ ተነቅሎ ካደረው ይልቅ ለአደጋ የተጋለጠ ነው።