ጥቁር፣ ነጭ፣ ሰማያዊ፡- የናፍጣ ፒክአፕ ጭስ ስለ ሞተሩ ምን ይነግረናል?

እሳት በሌለበት ጭስ የለም ይባላል፡፡ በናፍጣ ሞተር ግን ጭሱ የሚበዛው እሳቱ በደንብ ሳይነድ ሲቀር ነው፡፡ እርጥብ እንጨት ማግዶ የሚያውቅ ሰው ይህን ለመረዳት መካኒክ መሆን አያስፈልገውም፡፡ ጤነኛ የናፍጣ ሞተር ከሞቀ በኋላ በጭስ ማውጫው በኩል ለዓይን የሚታይ ነገር እምብዛም አያወጣም፡፡ የሚታይ ነገር ካለ ወይ በቅጡ ያልተቃጠለ ናፍጣ፣ ወይ የሞተር ዘይት፣ አለዚያም ውኃ ነው፡፡ የትኛው እንደሆነ የጭሱ ቀለም ይናገራል፡፡

ነገሩ ዋግ ኽምራን ለሚያውቅ ሰው ተራ የመኪና ወሬ አይደለም፡፡ ከሰቆጣ ተነስቶ ወደ ጋዝጊብላዋ አስከተማ፣ ወደ ደሃናዋ አምደወርቅ ወይም ቁልቁል ወደ ተከዜ ሸለቆ ለሥራ የሚሄድ ባለሙያ አብዛኛውን ጊዜ የሚጓዘው በናፍጣ ፒክአፕ ነው፡፡ ያው መኪና ጠዋት ክትባት፣ ከሰዓት ምርጥ ዘር ይጭናል፡፡ አምቡላንስ በጠፋ ሌሊት ደግሞ ምጥ የጠናባትን እናት ይዞ ወደ ሰቆጣው ተፈራ ኃይሉ መታሰቢያ ሆስፒታል የሚበረው እሱ ነው፡፡ በ2007 ዓ.ም. ይፋ የሆነውና የሕፃናትን መቀንጨር ለማስቀረት ቃል የተገባበት የሰቆጣ ቃል ኪዳንም ቢሆን ወደ ቀበሌ የሚወርደው በጎማ ነው፡፡

በ2013 እና በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ዋግን ሲያዳርስ የጤና ተቋማትና መሥሪያ ቤቶች ብዙ ንብረት አጥተዋል፡፡ የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186/2012 በአሮጌ ተሽከርካሪዎች ላይ የጣለው ከባድ ታክስም ያገለገለ መኪና ከውጭ ማስገባትን እጅግ ውድ አድርጎታል፡፡ ስለዚህ ያለው መኪና ዕድሜው እንዲረዝም ጭሱን ማንበብ ያስፈልጋል፡፡

ከፍታው ራሱ ምክንያት ነው

የናፍጣ ሞተር እንደ ቤንዚን ሞተር በእሳት ብልጭታ አይቀጣጠልም፡፡ አየሩን ከ15 እስከ 22 ጊዜ እጥፍ ጨምቆ ያግለዋል፤ በጋለው አየር ላይ ኖዝሉ ናፍጣ ይረጫል፤ ናፍጣው በራሱ ጊዜ ይነዳል፡፡ ለዚህ ሦስት ነገሮች ያስፈልጋሉ፡- በቂ አየር፣ በጥሩ ሁኔታ የተረጨ ናፍጣና በቂ ሙቀት፡፡

ሰቆጣ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2 ሺህ 200 ሜትር ከፍ ብላ የተቀመጠች ከተማ ናት፡፡ በዚህ ከፍታ የአየሩ ግፊት በባሕር ዳርቻ ካለው ሦስት አራተኛው ያህል ብቻ ነው፡፡ ቱርቦ የሌለው ሞተር፣ ለምሳሌ በብዙ የቀድሞ ሃይሉክሶች ላይ ያለው 5ኤል ወይም የላንድ ክሩዘሩ 1ኤችዜድ፣ አየሩ ሲሳሳበት ናፍጣው በዚያው ልክ ካልተቀነሰለት ይጠቁራል፡፡ አንዳንድ ፖምፓዎች ከፍታን እየለኩ ናፍጣ የሚቀንሱበት መሣሪያ አላቸው፤ ሁሉም ግን የላቸውም፡፡ ባለ ቱርቦ ሞተር ጉድለቱን በአብዛኛው ያካክሳል፡፡ ስለዚህ ተከዜ ዳር ሳያጨስ የዋለ አሮጌ ፒክአፕ የጋዝጊብላን ዳገት ሲወጣ ትንሽ ቢጠቁር አያስደነግጥም፡፡ ሜዳ ላይም፣ ሳይጭንም የሚጠቁር ከሆነ ግን ምርመራ ይፈልጋል፡፡

በመጀመሪያ የሚጠየቁ ጥያቄዎች

በሕግ ትምህርት ቤት ምስክር ያለ መስቀለኛ ጥያቄ አይታመንም ይባል ነበር፡፡ ጭስም ምስክር ነውና መፍቻ ከማንሳት በፊት ይጠየቅ፡፡ የሚወጣው መቼ ነው? ጠዋት ሲነሳ ብቻ ወይስ ቀኑን ሙሉ? ዳገት ላይ ወይስ ቆሞም ጭምር? የጀመረው ቀስ በቀስ ነው ወይስ በአንድ ቀን? ከመጀመሩ በፊት ናፍጣ የተቀዳው ከየት ነው? ዘይትና ውኃ እየጎደለ ነው? እነዚህን መልሶች ጽፎ ጋራዥ የሚሄድ ባለመኪና ከግማሽ በላይ የሆነውን ሥራ ጨርሶ ሄደ ማለት ነው፡፡

ጥቁር ጭስ

ትርጉሙ ናፍጣው በዝቷል ወይም አየሩ አንሷል ነው፡፡ ፍተሻው ከርካሹ ወደ ውዱ ይሂድ፡፡

አንደኛው የአየር ማጣሪያው፣ መካኒኮቻችን ደፕራተር የሚሉት ነው፡፡ በዋግ የጠጠር መንገድ በአንድ የመስክ ጉዞ ሊደፈን ይችላል፡፡ የወረቀት ማጣሪያ በአየር የሚነፋው ከውስጥ ወደ ውጭ ነው፤ በውኃ አይታጠብም፤ ቀዳዳ ካበጀ ይጣላል፡፡ አውጥቶ ያለ ማጣሪያ መንዳት ግን አቧራውን ለፒስተን መመገብ ነው፡፡

ሁለተኛው አነዳድና ጭነት ነው፡፡ በከባድ ማርሽ ዳገት የሚታገል ሞተር ያጨሳል፤ ማርሽ ቀንሶ ዙሩን ከፍ ማድረግ ብቻ ብዙ ጊዜ ጭሱን ያቀለዋል፡፡ የሚይዝ ፍሬንም ያልተጫነውን መኪና የተጫነ ያህል ያደርገዋል፡፡

ሦስተኛው ኖዝል ነው፡፡ በደቃቁ መርጨት ትቶ የሚያንጠባጥብ ኖዝል ጥቁር ጭስና የማንኳኳት ድምፅ ይሰጣል፡፡ ኖዝል በመሞከሪያ ማሽን ይፈተሻል እንጂ በግምት አይቀየርም፡፡ ባለ ቱርቦ ከሆነ ከቱርቦው ወደ ሞተሩ የሚሄደው ጎማ ተሰንጥቆ ወይም ክላምፑ ላልቶ እንደሆነ ይታይ፤ ዳገት ላይ የፉጨት ድምፅ ካለ መጠርጠሪያው እሱ ነው፡፡

አራተኛው ሰው ሠራሽ ነው፡፡ “ጉልበት እንዲጨምር ፖምፓውን ትንሽ ክፈትልኝ” የሚል ባለመኪናና እሺ የሚል መካኒክ ሲገናኙ የናፍጣው መጠን ከልክ ያልፋል፡፡ ጉልበት የመሰለው ነገር ከአየር በላይ የሆነ ናፍጣ ነው፤ ፒስተኑን ያቃጥላል፣ ዘይቱን ያጠቁራል፣ ሰርባቶዮውን ያራቁታል፡፡

ነጭ ጭስ

ነጭ ጭስ ሁለት ዓይነት ስለሆነ መለየት የግድ ነው፡፡ ዓይን የሚያቃጥልና ናፍጣ ናፍጣ የሚሸት ከሆነ ሳይነድ የወጣ ናፍጣ ነው፡፡ በደጋው ብርድ ጠዋት ለአንድ ሁለት ደቂቃ ታይቶ ቢጠፋ ብዙም አያሳስብም፡፡ ከቆየ ግን የማሞቂያ ካንዴላዎቹ ይፈተሹ፤ ከአራቱ አንዱ እንኳ ቢቃጠል አንዱ ሲሊንደር ሳይነድ ሞተሩ እየተንቀጠቀጠ ይነሳል፡፡ እነሱ ደህና ከሆኑ የፖምፓው ታይሚንግ ዘግይቶ፣ ወይም የሞተሩ እመቃ ወርዶ ሊሆን ይችላል፡፡

ሽታው ናፍጣ ያልሆነና ሞተሩ ከሞቀም በኋላ እንደ እንፋሎት የሚንቦለቦል ነጭ ጭስ ግን ውኃ ነው፡፡ ራዲያተሩ ያለ ፍሳሽ የሚጎድል፣ ሞተሩ ሲሠራ በራዲያተሩ ውስጥ አረፋ የሚፈላ ወይም የዘይቱ መልክ ወተት የገባበት ሻይ የመሰለ ከሆነ የቴስታታው ጋርኒሲዮን ተበልቷል ወይም ቴስታታው ተሰንጥቋል፡፡ በዚህ ሁኔታ መንዳት ሞተሩን መቅበር ነው፤ መኪናው ይጎተት፡፡ በዚህ ከፍታ ተራ ውኃ በ92 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ስለሚፈላ፣ ግፊት የማይዝ የራዲያተር ክዳን በደጋው ከቆላው ይበልጥ ይጎዳል፡፡ የጋለ ራዲያተር ክዳን እንደማይከፈት ማስታወስም አይከፋም፡፡

ናፍጣው ራሱ ውኃ ያለበትም ሊሆን ይችላል፡፡ ማደያ በራቀበት ወረዳ ናፍጣ የሚገኘው በበርሜልና በጀሪካን ነው፡፡ ጥቂቱን በጠርሙስ ቀድቶ ለግማሽ ሰዓት ማስቀመጥ ጥሩ ፈተና ነው፤ ውኃ ካለ ከሥር ይዘቅጣል፡፡ ከጀሪካን ሲቀዱ የታችኛውን አተላ መተው፣ ከናፍጣ ፊልትሮው ሥር ያለውን የውኃ ማጠራቀሚያ በየጊዜው ማፍሰስ ያስፈልጋል፡፡ ነጭ ጋዝ የተቀላቀለበት ናፍጣ ደግሞ ፖምፓውንና ኖዝሉን የሚያለሰልሰውን ቅባት ስለሚቀንስ ጉዳቱ የሚታየው ዘግይቶ ነው፡፡

ሰማያዊ ጭስ

ይህ የሚነድ የሞተር ዘይት ነው፡፡ መጀመሪያ ዘይቱ ከልክ በላይ ተሞልቶ እንደሆነ በመለኪያው ይታይ፡፡ ጠዋት ሲነሳ ቡፍ ብሎ የሚጠፋ ከሆነ የቫልቭ ጎሚኒዎች ደርቀዋል፤ ይህ ለጊዜው ያኗኑራል፡፡ ዳገት ላይ ያለማቋረጥ የሚወጣ ከሆነ ጥርጣሬው ወደ ፋሻና ሲሊንደር ይዞራል፡፡ ቀላሉ ፈተና ሞተሩ በዝግታ እየሠራ የዘይት መሙያውን ክዳን ፈቶ ቀዳዳው ላይ ገልብጦ ማስቀመጥ ነው፤ ክዳኑ የሚዘል ወይም ጢስ የሚተፋ ከሆነ ፋሻው እመቃውን አይዝም፡፡ መካኒኩ በእመቃ መለኪያ ያረጋግጥ፤ ሞተር የሚወርደው ከልኬት በኋላ ነው፡፡

ባለ ቱርቦ መኪና ላይ ግን ሞተር ከማውረድ በፊት የቱርቦው ጎማ ውስጥ ዘይት መኖሩ ይታይ፡፡ ዘይት የሚያፈስ ቱርቦ ሌላም አደጋ አለው፡፡ ሞተሩ የራሱን ዘይት እየጠጣ ያለ ፔዳል ዙሩ ሊያብድ ይችላል፤ ቁልፍ ማጥፋት አያቆመውም፡፡ መኪናው ማንዋል ከሆነ ፍሬን ረግጦ፣ ከባድ ማርሽ አስገብቶ ፍሪሲዮን መልቀቅ ያጠፋዋል፡፡ አየር መሳቢያውን በእጅ ለመድፈን መሞከር ጣት ያስቆርጣል፡፡ ቱርቦውን ለመጠበቅ ደግሞ ረዥም ዳገት ከወጡ በኋላ ሞተሩን ከማጥፋት በፊት ለአንድ ሁለት ደቂቃ በዝግታ ማሠራት ይበቃል፡፡

ኮመን ሬይል በሆኑት ዲ-ፎር-ዲ ሃይሉክሶች ላይ መንስኤዎቹ ያው ሲሆኑ ምርመራው ይለያል፡፡ ኮድ በኮምፒውተር ይነበባል፤ የኖዝሎቹ የመልስ ናፍጣ ይለካል፡፡ የናፍጣ መስመሩ ግፊት እጅግ ከፍተኛ ስለሆነ ሞተሩ እየሠራ ቧንቧ መፍታት ቆዳ በስቶ የሚገባ ጉዳት ያስከትላል፡፡

ሕጉና ጤናው

ያገለገለ ፒክአፕ ለሚገዛ ሰው አንድ ነገር ልጨምር፡፡ በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ከአንቀጽ 2287 ጀምሮ ሻጭ ለተሸጠው ነገር ጉድለት ዋስ መሆኑን ይደነግጋል፡፡ ገዢ ግን ዕቃውን በጊዜ መመርመርና ጉድለቱን ለሻጭ ማስታወቅ አለበት፤ እያየ የገዛውን ጉድለት ደግሞ ኋላ መከራከሪያ ሊያደርገው አይችልም፡፡ ጭስ ደግሞ በገሃድ የሚታይ ጉድለት ነው፡፡ ስለዚህ መኪናውን ማየት ያለብዎት ቀዝቅዞ ባደረበት ሰዓት ነው፡፡ ሻጩ “ቀድሜ አሙቄልዎታለሁ” ካለ፣ የሚያሞቀው ሞተሩን ብቻ ላይሆን ይችላል፤ የጠዋቱ ነጭና ሰማያዊ ጭስ የሚደበቀው በዚያች ግማሽ ሰዓት ነው፡፡ ሞተሩ ስላለበት ሁኔታ የተባለው ሁሉ በውሉ ላይ ይጻፍ፡፡

ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 44 ንጹሕና ጤናማ በሆነ አካባቢ የመኖርን መብት ለሁሉም ሰው አረጋግጧል፡፡ የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995ም ብክለትን ይከለክላል፡፡ የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ተቋም እ.ኤ.አ. በ2012 የናፍጣ ሞተር ጭስን በሰው ላይ ካንሰር እንደሚያመጡ ከተረጋገጡት መካከል መድቦታል፡፡ በዚያ ጠባብ የዳገት መንገድ ከመኪናው ኋላ በእግሩ የሚሄደው ተማሪ፣ በፒክአፑ ጀርባ የተቀመጠው ተሳፋሪ ይህን ጭስ ይተነፍሳል፡፡ ዓመታዊ ምርመራው ለቦሎ መለጠፊያ ብቻ ከዋለ መብቱ ወረቀት ላይ ይቀራል፡፡ በተዘጋ ጋራዥ ውስጥ ሞተር ማሞቅ ደግሞ ሽታ በሌለው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሊገድል ይችላል፡፡

መሥሪያ ቤቶች ለዚህ ሁሉ ትልቅ በጀት አያስፈልጋቸውም፡፡ በመኪናው የጉዞ መዝገብ ላይ ኪሎ ሜትሩና ናፍጣው በሚሞላበት ረድፍ ጎን የተጨመረ ዘይት፣ የተጨመረ ውኃና የጭስ ቀለም የሚሉ ሦስት ዓምዶች ይሰመሩ፡፡ ሾፌሩ በየቀኑ ይሙላ፤ ኃላፊውም ያንብበው፡፡ ያን ጊዜ በአንድ ደፕራተር የሚድን ሞተር ለእድሳት አይወርድም፤ ሌሊት የሚጠራውም መኪና ዳገቱ መሀል አይቆምም፡፡