ሴቴ ኮሶና ለጋ ጫት፦ የመድኃኒት ዕፅ ዕድሜና ዝርያ በመርካቶ

በመርካቶ የመድኃኒት ዕፅ ብዙውን ጊዜ የሚሸጠው በስሙ ነው። ኮሶ የጠየቀ ሸማች ኮሶ ይሰጠዋል፤ ዛፉ ሴቴ ይሁን ወንዴ፣ አበባው መቼ እንደተለቀመና ምን ያህል እንደቆየ ግን እምብዛም አይነገረውም። የዚህ መጣጥፍ ክርክር በዕፁ ውስጥ ያለውን ፈዋሽ ንጥረ ነገር ለማወቅ ስሙ ብቻውን አይበቃም የሚል ነው።

ለዚህ ግልጹ ማስረጃ ጫት ነው። በ1975 እ.ኤ.አ. የተባበሩት መንግሥታት ቤተ ሙከራ ከትኩስ ቅጠል ካቲኖንን እስኪለይ ድረስ፣ ዋናው አነቃቂ ካቲን እንደሆነ ይታሰብ ነበር። ካቲኖን በብዛት የሚገኘው በቀንበጡ ላይ ነው፤ ቅጠሉ ሲጎለምስ ወይም ሲደርቅ ይበልጥ ደካማ ወደሆነው ካቲን ይለወጣል። ነጋዴው ጫቱን በእርጥብ ቅጠል ጠቅልሎ ሳይጠወልግ ለማድረስ የሚጣደፈው ያለ ምክንያት አይደለም፤ ኬሚስቱ ዘግይቶ የደረሰበትን በልማድ ቀድሞ ያውቀዋል።

ለጫት የሚደረገው ጥንቃቄ ለኮሶ አይደረግም። የኮሶ ዛፍ ወንዴና ሴቴው ለየብቻ ነው፤ የ19ኛው ክፍለ ዘመን የአውሮፓ መድኃኒት መዛግብትም ለትል ማስወጫ የመረጡት ቀላ ያለውን የሴቴ አበባ ነበር። ትሉን የሚያጠቁት የፍሎሮግሉሲኖል ውህዶች ሲከማቹ ይዳከማሉ። የቆየ ኮሶ ያላሻረው ሰው መጠኑን ቢጨምር ደግሞ አደጋ ነው፤ ከልክ ያለፈ ኮሶ ዓይንን እንደሚጎዳ ተዘግቧል።

«ልምድ ያለው ሻጭ በዓይኑና በአፍንጫው ይለያል» የሚል ተቃውሞ ይነሳ ይሆናል። ላልተፈጨው የኮሶ አበባ ዘለላ ይህ እውነት ነው። ሲፈጭ ግን ቀለሙም ቅርጹም ይጠፋል፤ የሻጩ ዕውቀት የሚመረኮዝበት ምልክት አብሮ ይሄዳል። ጠንካራው ተቃውሞ ሌላ ነው፦ አፈሩና ከፍታው ልዩነት እስካመጡ ድረስ ዕድሜንና ዝርያን ነጥሎ መመዝገብ ምን ይፈይዳል? ጦስኝ ይህን ያጠናክራል። በአገራችን ብቻ የሚበቅሉት ሁለቱ የጦስኝ ዝርያዎች በአንድ ስም ይሸጣሉ፤ በዘይታቸው ውስጥ ያለው የቲሞልና የካርቫክሮል ድርሻም ከቦታ ቦታ ይለያያል። ይሁንና የዘይት ትንተና ቤተ ሙከራ ይጠይቃል፤ የዛፉን ጾታ፣ የለቀማውን ወርና የመጣበትን ወረዳ በጆንያው ላይ ለመጻፍ ግን እርሳስ ይበቃል። ኮሶ ሳይፈጭ ከነዘለላው እንዲሸጥ ማድረግም ከዚያ የሚበልጥ ወጪ የለውም።