የሒሳብና የሳይንስ መምህር በመተማ ቆላ

ስለ መተማ ቆላ ታሪክ በተነሣ ቁጥር የሰው ሐሳብ ቀድሞ የሚደርሰው አፄ ዮሐንስ 4ኛ ከደርቡሽ ጋር ሲዋጉ መጋቢት 1 ቀን 1881 ዓ.ም. ከቆሰሉበት ዐውደ ውጊያ ነው፤ እኔም ከዚያው ቀን እነሣለሁ፤ የምነሣው ግን ጦርነቱን ለመተረክ ሳይሆን፣ ያ ዕለት በቤተ ክርስቲያን አቈጣጠር በየትኛው ሳምንት እንደ ዋለ የጎንደር ሊቃውንት ደቀ መዛሙርታቸው እንዲያሰሉ እንዴት ያስተምሩ እንደ ነበር ለማመልከት ነው።

የባሕረ ሐሳብ፣ ማለትም የቤተ ክርስቲያን የዘመን ስሌት፣ መምህር በ1881 ዓመተ ምሕረት ላይ 5500 ደምሮ 7381 ዓመተ ዓለም ያገኛል፤ ይህን ለ19 ሲገድፈው 9 ይተርፈዋል፤ ከዚያ አንዱን ለዘመን አትቶ 8 ወንበር ይይዛል። ወንበሩን በጥንተ አበቅቴ በ11 አባዝቶ ከ88 ላይ ሠላሳ ሠላሳውን ሲገድፍ 28 አበቅቴ፣ በጥንተ መጥቅዕ በ19 አባዝቶ ከ152 ላይ እንዲሁ ሲገድፍ 2 መጥቅዕ ይወጣለታል። መጥቅዑ ከ14 ያነሰ ነውና በጥቅምት 2 ይውላል፤ ዕለቱም ሐሙስ ስለ ሆነ የሐሙስን ተውሳክ 3ን ሲጨምርበት መባጃ ሐመሩ 5 ይሆናል። እንግዲህ በዚያ ዓመት ጾመ ነነዌ የካቲት 5፣ ዐቢይ ጾም የካቲት 19 ገብተው፣ ትንሣኤ ሚያዝያ 14 ውሏል፤ የመተማው ውጊያም የተደረገው በጾሙ ሁለተኛ ሳምንት፣ በምኩራብ ዋዜማ በቅዳሜ ቀን ነበር። አበቅቴና መጥቅዕ ተደምረው 30 ካልሞሉ፣ ደቀ መዝሙሩ መሳሳቱን ያለ ነጋሪ ያውቀዋል፤ በእኔ ግምት የዚህ ትምህርት ትልቁ ክብሩ በዚህ ላይ ነው፤ መምህሩ የሚያወርሰው መልሱን ብቻ ሳይሆን መልሱ የሚመረመርበትንም መንገድ ነውና።

በ1880 ዓ.ም. ደርቡሾች ጎንደር ገብተው አብያተ ክርስቲያናቱን ሲያቃጥሉ፣ ይህን የመሰለው ትምህርት የሚነበብባቸው መጻሕፍትና የሚሰማባቸው ጉባኤያት አብረው ተጐዱ።

ዘመናዊው ትምህርት የመጣው በሌላ በር ነው። በ1900 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የተከፈተው የዳግማዊ ምኒልክ ትምህርት ቤት በግብፃውያን መምህራን ቆመ፤ ከጠላት ወረራ በኋላ ደግሞ የተማረው ወጣት በግፍ ተጨርሶ ስለ ነበር፣ በየጠቅላይ ግዛቱ ሒሳብና ፊዚክስ ለማስተማር ብዙ ሕንዳውያን መጡ፤ በ1955 ዓ.ም. የትምህርት ዘመን ከ270 የሚበልጡ የአሜሪካ የሰላም ጓድ አባላት ተጨመሩ፤ ከእነርሱም ጎንደር የደረሱ ነበሩ። ከ1957 ዓ.ም. ጀምሮ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ለአንድ ዓመት ወደ ጠቅላይ ግዛቶች እየወጡ እንዲያስተምሩ ተደረገ። የእነዚህን ሁሉ ድካም ማቃለል ኀጢአት ነው፤ ነገር ግን የተማሪውን ድክመት ዐውቆ ሊያቃና ሲጀምር የመሄጃው ጊዜ የሚደርስበት መምህር ሥራውን በጅምር ትቶት እንደሚሄድ ማን ይክደዋል? በ1965 ዓ.ም. የባሕር ዳር የፔዳጎጂ አካዳሚ መቋቋሙ ይህን ጉድለት ለመሙላት የታሰበ ታላቅ ሥራ ነበር።

በ1997 ዓ.ም. ግን ፕላዝማ የተባለው የቴሌቪዥን ትምህርት መጣ። በደቡብ አፍሪካ ተቀርጾ በሳተላይት ይተላለፍ የነበረው በእንግሊዝኛ የሚሰጥ ትምህርት የክፍለ ጊዜውን አብዛኛውን ክፍል ሲወስድ፣ በክፍሉ ያለው መምህር ለመክፈቻና ለመዝጊያ ጥቂት ደቂቃዎች ቀሩት። አንድ ልጅ «አልገባኝም» ብሎ እጁን ቢያነሣ መስኮቱ አይቆምለትም ነበር፤ መብራት በጠፋ ጊዜም ትምህርቱ አብሮ ይጠፋ ነበር። በእኔ አስተያየት ከዚህ ዘመን ጥፋቶች የከፋው፣ መምህሩ የገዛ ትምህርቱ ተመልካች መደረጉ ነው።

የ2014 ዓ.ም. የትምህርት ዘመን የ12ኛ ክፍል ፈተና በዩኒቨርሲቲዎች ግቢ ሲሰጥ ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 ከመቶ፣ በ2015 3.2 ከመቶ፣ በ2016 5.4 ከመቶ ሆኑ። ይህን ቍጥር በልጆቹ ስንፍና ብቻ የሚተረጕም ሰው ከላይ የተወሳውን ታሪክ ይመርምር። የሰሊጡና የጥጡ አገር የመተማዋ ሸሕዲ ሙቀቱ ብርቱ፣ ወባውና ካላዛሩ ክፉ ነውና፣ የተመደበ መምህር ገና ሻንጣውን ሳይፈታ ዝውውር ቢያስብ አልፈርድበትም፤ የምፈርደው ይህን እያወቀ የበረሃ አበሉን፣ የመኖሪያ ቤቱንና የቤተ ሙከራ ዕቃውን በወቅቱ በማያሟላው አሠራር ላይ ነው። የሸሕዲ ተማሪ በ9ኛ ክፍል ፊዚክስ የጀመረለትን መምህር 12ኛ ክፍል ሲደርስም በዚያው ትምህርት ቤት ሊያገኘው ይገባዋል።