የገዳሪፍ እንስራና የፊዚክስ ሊቃውንት

ከመተማ ተሻግሮ በምሥራቅ ሱዳን ወደ ገዳሪፍ የሚዘልቅ መንገደኛ፣ በጥላ ሥር ዚር የሚባለውን የሸክላ እንስራ ያገኛል። ውሃው ከአየሩ ይልቅ ቀዝቃዛ ነው፤ በሸክላው ጥቂት በጥቂት እየወዛ ወደ ውጭ ሲተን የቀረውን ውሃ ሙቀት ይዞ ይሄዳልና። እንስራው ድፍን ቢሆን ኖሮ ይህ ቅዝቃዜ ባልተገኘ ነበር።

የፊዚክስ ሊቃውንት ግን ብዙ ዘመን አንድን አካል የሚመረምሩት ከአካባቢው ለይተው፣ ብቻውን እንደ ቆመ አድርገው ነበር። አካባቢው ከታሰበም የሚታሰበው እንቅስቃሴን እንደሚያደክም እንቅፋት ነው። በ1827 (ዘመኑ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው) ስኮትላንዳዊው የዕፅዋት ሊቅ ሮበርት ብራውን፣ ከአበባ ዱቄት የወጡ ደቃቅ ቅንጣቶች በውሃ ውስጥ ያለ ዕረፍት ሲንቀጠቀጡ ተመለከተ። ምስጢሩን በ1905 አይንሽታይን ገለጠው፤ ይኸውም ቅንጣቱን የሚገፋውም፣ ጉዞውን የሚገታውም ያው ውሃ መሆኑ ነው። ከዚህ ታሪክ ለተማሪ አንድ ነገር ብቻ ይነገር ቢባል፣ ሊነገር የሚገባው ይህ ነው።

ነገሩ ወደ ኳንተም ዓለም ሲገባ ይከብዳል። እያንዳንዳቸው ሁለት ሁናቴ ያላቸው 30 ቅንጣቶች ብቻቸውን እንኳ ቢሆኑ፣ እነርሱን ለመግለጽ ከ1 ቢሊዮን የሚበልጡ ቁጥሮች ያሻሉ፤ ከአካባቢያቸው ጋር ሲታሰቡ ደግሞ ይኸው ብዛት በራሱ ይባዛል። አካባቢውን ቅንጣት በቅንጣት መቁጠርማ ከቶ የሚሞከር አይደለም። ስለዚህ በ1963 ፋይንማንና ቬርነን ዝርዝሩን ትተው፣ አካባቢው በአካሉ ላይ የሚያደርሰውን ተጽዕኖ ብቻ የሚያሰሉበትን መንገድ አወጡ። በ1976 ሊንድብላድ፣ በሌላም ወገን ጎሪኒ፣ ኮሳኮቭስኪና ሱዳርሻን፣ ያለፈውን ፈጥኖ ለሚረሳ አካባቢ የሚስማማውን እኩልታ አገኙ።

ለዚህ ጥናት ጎረቤት በሆነውና ኳንተም በማይገባበት መስክ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲው መምህር ሙሉጌታ በቀለ ይገኛሉ። በደርግ ዘመን ታስረው መከራ የተቀበሉት እኚህ ሰው ከእስር በኋላ ወደ ትምህርታቸው ተመለሱ፤ ስለ ሰብአዊ መብትና ስለ ትምህርት ነጻነት በመድከማቸውም በ2012 የአሜሪካ ፊዚክስ ማኅበር በሳካሮቭ ስም የተሰየመውን ሽልማት ሰጣቸው። በ2004 ከመስፍን አስፋው ጋር ባሳተሙት ጥናት የመረመሩት ያንኑ የብራውንን ቅንጣት ነው። ዳገትና ቁልቁለት በሚፈራረቅበት፣ ሙቀቱም አንድ ስፍራ ከፍ ሌላ ስፍራ ዝቅ በሚልበት መንገድ ላይ ቢኖር፣ መንቀጥቀጡ አቅጣጫ ይዞ ሸክም የሚገፋ ሞተር ይሆናል። ሙቀቱ በሁሉም ስፍራ እኩል የሆነ እንደ ሆነ ግን፣ ቅንጣቱ ወዲያና ወዲህ ይንቀጠቀጣል እንጂ በጠቅላላው ወደ አንድ ወገን ፈቅ አይልም።