ዳሸንና ተከታዮቹ፦ የፊደላችን ሶፍትዌር ታሪክ

ከደባርቅ በሊማሊሞ ወደ ድብ ባሕር የሚወርድ መንገደኛ የሰሜንን ተራሮች በስተቀኙ እያየ ይጓዛል። ራስ ዳሸን ከእነሱም አልፎ በስተምሥራቅ ነው፤ ከፍታው 4,550 ሜትር ገደማ። በ1980ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ይህ ስም አሜሪካ ውስጥ ለተቋቋመ አንድ የሶፍትዌር ድርጅት መጠሪያ ሆነ፦ ዳሸን ኢንጂነሪንግ። መሥራቹ አቶ ፍስሐ አጥላው በግል ኮምፒውተር ላይ በግዕዝ ፊደል መጻፍ እንዲቻል ካደረጉት ቀደምት ባለሙያዎች አንዱ ናቸው።

ሥራው ከባድ ነበር። የዚያን ጊዜው ኮምፒውተር ለፊደላትና ለምልክቶች በሙሉ የነበረው ቦታ 256 ብቻ ሲሆን፣ ግማሹን የላቲን ፊደላትና የማሽኑ ትእዛዞች ቀድመው ይዘውታል። ሠላሳ ሦስቱ ፊደላት በሰባት ሲባዙ 231 ይሆናሉ፤ ዲቃሎቹ፣ አኃዞቹና ነጥቦቹ ሲጨመሩ ወደ 300 ይጠጋሉ። ኢንጂነር አያና ብሩም የአማርኛ የጽሕፈት መኪና ሲሠሩ ከዚሁ ዓይነት ጥበት ጋር ታግለዋል። የሶፍትዌር ሠሪዎቹ መፍትሔ የተለያየ ነበር፦ አንዱ ፊደሉን በሁለትና ከዚያ በላይ በሆኑ ፎንቶች ይከፋፍላል፣ ሌላው ቅጥያዎችን ከግንዱ ጋር እያገጣጠመ ይሥላል። ሁሉም ግን በላቲን ፊደል ቁጥር ላይ የግዕዝን መልክ ያለብሱ ነበር።

ከዳሸን በኋላ ሌሎች ተከተሉ፤ አጋፋሪ፣ የኢትዮሲስተምስ ዋሽራ፣ የኩስቶር ኮምፒውቲንግ ቪዥዋል ግዕዝ፣ የኮንሰፕትስ ዳታ ሲስተምስ ፓወር ግዕዝ። መሥሪያ ቤቶችና ማተሚያ ቤቶች በእነዚህ ላይ ቆሙ። ነገር ግን እያንዳንዱ ድርጅት ለ«ሀ» የሰጠው ቁጥር የራሱ ነበር። በአንዱ የተጻፈ ደብዳቤ ያ ፎንት በሌለበት ማሽን ላይ ሲከፈት የላቲን ፊደላትና የምልክቶች ትርምስ ይሆናል። ለእኔ የዚህ ታሪክ ዋና ጥያቄ ማን ቀደመ የሚለው አይደለም፤ ጽሑፉ የጸሐፊው መሆኑ ቀርቶ የፎንቱ ባለቤት ጥገኛ መሆኑ ነው።

ከዚህ ጥገኝነት ለማምለጥ ይትና ፍርድይወቅና ዳንኤል ያዕቆብ አማርኛን በላቲን ፊደል በኢሜይል ለመላላክ ሴራ የተባለውን ሥርዓት አበጁ። ዘላቂው መፍትሔ ግን የዓለምን ፊደላት በአንድ የቁጥር ሰንጠረዥ ያሰፈረው ዩኒኮድ ነው። በ1991 የወጣው የመጀመሪያ እትም ፊደላችንን አላካተተም። በመስከረም 1999 (እ.ኤ.አ.) የወጣው 3.0 እትም 345 የግዕዝ ፊደላትና ምልክቶችን ይዞ መጣ። ማይክሮሶፍት በ2007 ለሽያጭ ባቀረበው ዊንዶውስ ቪስታ ላይ ኒያላ የተባለውን ፎንት አካተተ፤ ከዚያ ወዲህ ፊደሉን ለማየት ብቻ ሶፍትዌር መግዛት ግድ አልነበረም። ፓወር ግዕዝና ቪዥዋል ግዕዝም የዩኒኮድ ፎንቶች አወጡ። ፊደሉ ወደ ዩኒኮድ መግባቱ ጽሑፉን ነጻ ሲያወጣ የድርጅቶቹን ዋና ገበያ ወስዶባቸዋል፤ ፍትሐዊ ነው ብዬ አምናለሁ፤ የከፈሉት ዋጋ ግን ሊዘነጋ አይገባም።

በአሮጌ ዲስኮች ላይ ያለው ጽሑፍ ግን በቀድሞዎቹ ፕሮግራሞች እንደተጻፈ ቀረ። በዶስ፣ ማለትም በቀድሞው የኮምፒውተር ሥርዓት፣ ላይ የሚሠራ ፕሮግራምን ዛሬ ለማንቀሳቀስ አሮጌ ኮምፒውተርን በሶፍትዌር መምሰል፣ ማለትም ቨርቹዋል ማሽን፣ ያስፈልጋል። ቨርቹዋል ማሽንን በተራው ኮምፒውተር ላይ ካስፋፉት ድርጅቶች አንዱ ቪኤምዌር ነው። ዳያን ግሪን፣ ባለቤቷ ሜንደል ሮዘንብለምና ሦስት ባልደረቦቻቸው በ1998 ፓሎ አልቶ ላይ መሠረቱት። በ2004 ኢኤምሲ ገዛው፤ በ2016 ኢኤምሲን ዴል ሲገዛ አብሮ ሄደ፤ በ2021 ራሱን ችሎ ቢወጣም በኅዳር 2023 (እ.ኤ.አ.) የብሮድኮም ሆነ። ብሮድኮም በወሩ የዘላለም ፈቃድ መሸጥ አቁሞ ደንበኞችን ወደ ጊዜያዊ ኪራይ አዞረ።

ስለዚህ የአማርኛን የዲስክ መዛግብት የሚያድን ተቋም በኪራይ ላይ ባይመሠረት እመርጣለሁ፤ አሮጌ ኮምፒውተርን የሚመስሉት ዶስቦክስና ኪውኢሙ የተባሉ ፕሮግራሞች በነጻ ይገኛሉ። ፋይሉ ከተከፈተ በኋላ የየድርጅቱን የቁጥር ሰንጠረዥ ከዩኒኮዱ ጋር እያስተያዩ ፊደል በፊደል መለወጥ ይቀራል፤ ለዚህም የሰንጠረዦቹ ቅጂ ሠሪዎቹ በሕይወት ሳሉ መሰብሰብ አለበት።